ፍርሃቱ የማን ነው? ስለ ልብ ሰቃይ ፊልሞች ዓይነት

ከደባርቅ ተነሥቶ በሊማሊሞ ቁልቁለት ወደ አዲ አርቃይ በአውቶቡስ የወረደ ተማሪ፣ ልብ ሰቃይ ፊልም ምን እንደ ሆነ ማንም ሳያስረዳው ያውቀዋል። ኢጣልያኖች በወረራው ዘመን ገደሉን ቆርጠው ባወጡት በዚያ ጠመዝማዛ መንገድ ላይ በመስኮት የሚታየው አየር ብቻ ነው። እናቶች ያማትባሉ፤ ሽማግሌዎች ታቦት ይጠራሉ፤ ሾፌሩ ግን ከረዳቱ ጋር ይሣሣቃል። የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ የዚያ አገር ልጅ በመሆኑ ነገሩን ለማስረዳት ከዚሁ አውቶቡስ የተሻለ ምሳሌ አላገኘም።

ብዙዎቻችን ተኩስና ሩጫ ያለበትን ፊልም ሁሉ በአንድ ስም እንጠራለን። ይሁን እንጂ ልብ ሰቃይ ፊልም ያለ አንዲት ጥይት ሊሠራ ይችላል። ዋናው ነገር ተመልካቹ «ቀጥሎ ምን ይመጣ ይሆን?» እያለ በፍርሃትና በተስፋ መካከል ተንጠልጥሎ መቆየቱ ነው። እንግሊዛዊው አልፍሬድ ሂችኮክ ከፈረንሳዊው ፍራንሷ ትሩፎ ጋር ያደረገው ጭውውት በ1966 (ይህም ሆነ ከዚህ በታች ያለው ዓመት ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው) በመጽሐፍ ሲወጣ፣ ነገሩን በቀላል ምሳሌ አስረድቶበታል። ከጠረጴዛ ሥር ያለ ቦምብ ሳናውቀው ቢፈነዳ የምንደነግጠው ለጥቂት ሰኮንድ ነው። ቦምቡን እኛ አስቀድመን አይተን፣ በጠረጴዛው ዙሪያ ያሉት ግን ሳያውቁ ወሬያቸውን ቢቀጥሉ ሩብ ሰዓት ሙሉ እንጨነቃለን።

እንግዲህ አውቶቡሳችንን እናስነሣ። ደባርቅ መናኸሪያ ላይ የፍሬን ዘይት ጠብ ጠብ ሲል እኛ አየን እንበል፤ ተሳፋሪዎቹ ግን አላዩም። ታሪኩን በየትኛው በኩል እንደምንይዘው የፊልሙ ዓይነት ይለወጣል።

አንደኛ፣ የአደገኛ ጉዞ ፊልም ነው። እዚህ ላይ ጥያቄው «ይደርሳሉ ወይስ አይደርሱም?» የሚል ብቻ ነው። የዚህ ዓይነት አውራው ፈረንሳዊው አንሪ ዦርዥ ክሉዞ በ1953 የሠራው «የፍርሃት ደመወዝ» ነው። አራት ሥራ ያጡ ሰዎች በሁለት የጭነት መኪና፣ ሲንገጫገጭ የሚፈነዳ ናይትሮግሊሰሪን ጭነው በተራራ መንገድ ይጓዛሉ።

ሁለተኛ፣ የወንጀል ምርመራ ፊልም ነው። አውቶቡሱ ገደል ገብቶ ተገኘ፤ የፍሬኑን ቱቦ ማን ቆረጠው? ጃፓናዊው አኪራ ኩሮሳዋ በ1963 በሠራው «ከፍታና ዝቅታ» ወንጀለኛው የሀብታሙን ልጅ የጠለፈ መስሎት የሾፌሩን ልጅ ይወስዳል። ከምርመራውም በፊት የሚያስጨንቀን፣ ሀብታሙ ለሰው ልጅ ሲል ሀብቱን ይከፍል ይሆን የሚለው ነው።

ሦስተኛ፣ ያለ ጥፋቱ የሚሳደድ ሰው ፊልም ነው። ሰዉ ሁሉ ረዳቱን ጠረጠረ፤ ረዳቱም ንጹሕ መሆኑን እስኪያስረዳ ድረስ ሸሸ። የሂችኮክ «ሰሜን በሰሜን ምዕራብ» (1959) በሌላ ሰው ስም ስለሚታደን ሰው ነው።

አራተኛ፣ የሥነ ልቡና ፊልም ነው። ሾፌሩ ከአደጋው ተረፈ፤ ነገር ግን «እኔው ራሴ ሆን ብዬ አድርጌው ይሆን?» እያለ ራሱን ይጠራጠራል። እዚህ ላይ ገደሉ ያለው በሰውዬው ጭንቅላት ውስጥ ነው። የ1960ው «ሳይኮ» ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው።

አምስተኛ፣ የፖለቲካና የስለላ ፊልም ነው። አውቶቡሱ የወደቀው በውስጡ አንድ የማይፈለግ ሰው ስለ ነበረ ነው። በ1963 በተገደለው የግሪክ ፓርላማ አባል በላምብራኪስ ታሪክ ላይ ተመሥርቶ ኮስታ ጋቭራስ በ1969 የሠራው «ዜድ» ከዚህ ወገን ነው። የሚያስጨንቀን የገዳዮቹ ማንነት ሳይሆን መርማሪው ዳኛ እውነቱን ለመናገር መድፈሩ ነው።

ስድስተኛ፣ የችሎት ፊልም ነው። ለዚህ ምሳሌ ከአገራችን አናጣም። ዘረሰናይ ብርሃነ መሐሪ በ2014 ያወጣው «ድፍረት» ጠላፊዋን ተኩሳ ስለ ገደለች የዐሥራ አራት ዓመት ልጅ የሚናገር፣ በእውነተኛ ታሪክ ላይ የተመሠረተ ፊልም ነው። ልጅቱ የምትዳኘው በልማድ ነው ወይስ በሕግ? ይህ ጥያቄ ከብዙ ተኩስ የበለጠ ልብ ይሰቅላል።

ዓይነቶቹን መለየት ብቻውን ግን ብዙ አይጠቅመንም። ከዚህ ሁሉ በላይ የሆነ አንድ ጥያቄ አለ፤ ይኸውም «የምንፈራው ለማን ነው?» የሚል ነው።

በ2019 የወጣው የጊዴዎን ራፍ «የቀይ ባሕር ጠላቂዎች መዝናኛ» የእኛኑ ደጋ የሚነካ የስለላ ፊልም ነው። ከጎንደርና ከስሜን አካባቢ የተነሡ ቤተ እስራኤላውያን በእግራቸው ሱዳን ከደረሱ በኋላ፣ የእስራኤል ሰላዮች በሐሰተኛ የባሕር ዳር ሆቴል ሽፋን እንዴት እንዳሻገሯቸው ይተርካል። ታሪኩ በመሠረቱ እውነተኛ ነው። በመንገድና በሱዳን መጠለያዎች ያለቁት ወደ 4,000 ያህል እንደሚሆኑ ይገመታል። በፊልሙ ግን ልባችን የሚሰቀለው ለሰላዩ ነው፤ ሕፃን አዝላ በሌሊት የሄደችው እናት በአብዛኛው ከበስተኋላ ትታያለች። የተቀረጸውም በናሚብያና በደቡብ አፍሪካ ነው።

ከዚህ ጋር የጎንደሩን ተወላጅ የኃይሌ ገሪማን «ጤዛ» (2008) እናስተያይ። በቬኒስ ልዩ የዳኞች ሽልማት ያገኘው ይህ ፊልም ልብ ሰቃይ ተብሎ የሚመደብ አይደለም። ሆኖም ለውትድርና እንዳይታፈሱ ዋሻ የተደበቁትን የገጠር ልጆች ስናይ ትንፋሻችን ይቆማል። ፈሪዎቹ ልጆቹ ራሳቸው ናቸው፤ እኛም ከእነርሱ ጋር ዋሻ ውስጥ ነን።

ስለዚህ ወንድሞችና እኅቶች፣ ወደፊት አንድ ፊልም አይተን ስንወጣ «ደስ ይላል፣ አይልም» ብለን ብቻ አንለያይ። እኛ የምናውቀው፣ ባለታሪኩ ግን የማያውቀው ነገር ምን ነበር? ጥያቄው «ማን አደረገው» ነው ወይስ «ይተርፋል ወይ»? ስንጨነቅ የቆየነውስ ለሾፌሩ ነው፣ ለረዳቱ፣ ወይስ ከኋላ ወንበር ላይ ተቀምጣ ለምታማትበው እናት? ከመካከላችን ፊልም ለመጻፍ የሚያስብ ቢኖር ከዚህች እናት ቢጀምር መልካም ነው። የሊማሊሞን መንገድ እርሷ ከሁላችንም በላይ ታውቀዋለች።