በባቡር ሞዴሎች ላይ አብረው ስለሚቀረጹና ተለይተው ስለሚተከሉ ክፍሎች

በአሜሪካና በአውሮፓ የእውነተኛውን ባቡር መልክ አሳንሶ መሥራት የብዙ ሰዎች የትርፍ ጊዜ ሥራ ነው። በእነዚህም ሰዎች መካከል ዘወትር የሚያከራክር አንድ ጥያቄ አለ። ይኸውም በፉርጎው ጐን የሚታዩት መሰላሎች፣ የእጅ መያዣ ብረቶችና ቧንቧዎች ከፉርጎው አካል ጋር በአንድ ፎርማ አብረው ይውጡ ወይስ ለብቻቸው ተሠርተው ኋላ ይተከሉ የሚል ነው። ለሩቅ ተመልካች ነገሩ የሕፃናት ጨዋታ ሊመስለው ይችላል። እኛ ግን ከአንድ የአሜሪካ ሕግ ጋር አያይዘን ብንመለከተው ፍሬ ያለው ጥያቄ ሆኖ አግኝተነዋል። ዓመታቱን ሁሉ የምንጽፈው በአውሮፓ አቆጣጠር ነው።

በ19ኛው መቶ ዓመት የአሜሪካ የፍሬን ሠራተኞች በሚሄድ ባቡር ጣራ ላይ እየተራመዱ የየፉርጎውን ፍሬን በእጃቸው ያጠብቁ ነበር። ፉርጎዎችንም ለማያያዝ በሁለቱ መካከል ይገቡ ነበር። በዚህ ሥራ ብዙዎች ጣታቸውን፣ እጃቸውን፣ ሕይወታቸውንም አጥተዋል። ከዚህም የተነሣ በ1893 የወጣው የባቡር ደኅንነት ሕግ የአየር ፍሬንና በራሱ የሚያያዝ መጋጠሚያ እንዲደረግ ሲያዝ፣ በፉርጎው ጐንና ጫፍ አስተማማኝ የእጅ መያዣ እንዲኖርም ደነገገ። በ1910 የወጣው ሕግ መሰላሉን፣ መርገጫውን፣ የእጅ ፍሬኑንና የጣራውን መተላለፊያ ጨመረ። በ1911 የወጣው ዝርዝር ደንብ ደግሞ የመያዣው ብረት ውፍረት ከ5/8 ኢንች፣ ማለት ከ16 ሚሊ ሜትር ገደማ፣ እንዳያንስ፣ በብረቱና በፉርጎው ግድግዳ መካከልም ቢያንስ 2 ኢንች ወይም 51 ሚሊ ሜትር ገደማ ክፍተት እንዲተው አዘዘ። የሠራተኛው ጣቶች የሚገቡት በዚያ ክፍተት ነውና ክፍተት የሌለው መያዣ በሕጉ ፊት መያዣ አይባልም።

አሁን ወደ ሞዴሉ እንመለስ። የፕላስቲክ ፉርጎ የሚሠራው የቀለጠውን ፕላስቲክ በኀይል ወደ ብረት ፎርማ በማስገባት ነው። ፕላስቲኩ ሲረጋ ፎርማው ተከፍቶ ዕቃው ይወጣል። ፎርማው ቀጥ ብሎ ስለሚከፈት፣ ኋላው ባዶ የሆነ ነገር በፎርማው ውስጥ ከተቀረጸ ተቆልፎ አይወጣም፤ ቢወጣም ተሰብሮ ነው። ተንሸራታች ክፍል ያላቸው ፎርማዎች ይህን ችግር በመጠኑ ያቃልላሉ፤ ዋጋቸው ግን ከፍ ያለ ነው። ስለዚህ አብሮ የሚቀረጸው መያዣ በግድግዳው ላይ የተለጠፈ፣ ሥሩ ሰፋ ጫፉ ጠበብ ያለ ጕብታ ሆኖ ይወጣል። እንግዲህ አብሮ መቅረጽ የሚያጠፋው ሕጉ ያዘዘውን ያንኑ ክፍተት ነው።

በብዛት በሚሠራበት በ1 ለ87 መጠን ስናሰላው የመያዣው ውፍረት 0.18፣ ክፍተቱ ደግሞ 0.58 ሚሊ ሜትር ይሆናል። ሞዴል ሠሪው ከ0.3 ሚሊ ሜትር የናስ ሽቦ አጥፎ ቢተክለው በእውነተኛው መጠን 26 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ብረት ማለት ነውና ከልክ ያለፈ ነው። ይሁን እንጂ ዐይን ይቀበለዋል። ብርሃን ከኋላው ያልፋል፣ ጥላውም ከራሱ ተለይቶ በግድግዳው ላይ ያርፋል። የተቀረጸው ጕብታ ጥላ ግን ከሥሩ አይለይም፤ ጠቆር ያለ ቀለም አቅጥኖ በዙሪያው ማፍሰስ ይረዳል፣ ያም ቢሆን ከፊት ለሚያይ ብቻ ነው።

ይህ ማለት ሁሉም ነገር ተለይቶ ይተከል ማለት አይደለም። የሪቬት ራሶች፣ የብረት ሉሖች መጋጠሚያና የበር ማጠንከሪያዎች በእውነተኛውም ፉርጎ ኋላቸው ባዶ ስላልሆነ አብረው ቢቀረጹ ምንም አይጐድልባቸውም። በ1 ለ160 መጠን ደግሞ የመያዣው ውፍረት ወደ 0.1 ሚሊ ሜትር ይወርዳል፤ ከጠጕር እምብዛም አይበልጥም። በዚህ መጠን ተለይቶ የሚተከለው ክፍል አብዛኛውን ጊዜ እጅግ ወፍራም ስለሚሆን በጥንቃቄ የተቀረጸ ቀጭን መስመር ይሻላል ብለን እናምናለን። በእጅ ብዙ ለሚነካ የልጆች ባቡርም እንዲሁ ነው፤ የሽቦ መሰላል በሕፃን እጅ አንድ ሳምንት አይቆይም።

የጣራው መተላለፊያ ለብቻው ሊነገርለት ይገባል። በ1966 በአሜሪካ ደንቡ ተለውጦ አዳዲስ ሳጥን ፉርጎዎች ያለ ጣራ መተላለፊያ ይሠሩ ጀመር። መተላለፊያው ተለይቶ የሚተከል ከሆነ አንዱ ፎርማ ለሁለቱም ዘመን ያገለግላል፤ ሠሪው ይተክለዋል ወይም ይተወዋል። አብሮ የተቀረጸ ከሆነ ግን በቢላዋ መፋቅና ጣራውን እንደገና መቀባት ያስፈልጋል። አተርን የሚባለው የአሜሪካ ፋብሪካ በሰማያዊ ሣጥን ይሸጣቸው የነበሩት ርካሽ ፉርጎዎች መሰላላቸው አብሮ የተቀረጸ ሲሆን መተላለፊያቸው ግን ተለይቶ የሚገጠም ነበር። ዘዴውን ብልኀት የተሞላበት ሆኖ እናገኘዋለን።

የቀረው የዋጋ ነገር ነው። እያንዳንዱን ተለይቶ የሚተከል ክፍል የሚገጥም እጅ ያስፈልጋል፤ ለዚያ እጅ ደግሞ ደመወዝ ይከፈላል። በ1990ዎቹ ብዙ ፋብሪካዎች ሥራቸውን ወደ ቻይና ማዛወራቸው ዝርዝሩ እንዲበዛ ረድቷል። ደመወዙ ከፍ እያለ ሲሄድ የእንግሊዙ ሆርንቢ በ2010ዎቹ መጀመሪያ በአንዳንድ ሎኮሞቲቮቹ ላይ የእጅ መደገፊያውን እንደገና አብሮ ወደ መቅረጽ ተመለሰ፤ ገዢዎች ግን አጉረመረሙ።

ከአንባቢዎቻችን አንዱ የቀድሞውን የጅቡቲና የአዲስ አበባ መስመር ፉርጎ በ1 ለ87 ልሥራ ቢል፣ የዚያ መስመር ሐዲድ ስፋት 1 ሜትር ስለ ነበረ የሚያስፈልገው 16.5 ሚሊ ሜትር የሆነው የተለመደው ሐዲድ ሳይሆን የ12 ሚሊ ሜትሩ ነው። ፉርጎውን ለመለካት ሲሄድም የመያዣውን ርዝመትና ውፍረት ብቻ ጽፎ እንዳይመለስ፤ ጣቶቹን ከብረቱ ኋላ አስገብቶ ክፍተቱንም ይለካ።