ሰጥቶ መንሳት፤ ከአባሲያ መስኮቶች ጀርባ ያለው መዝገብ

ካይሮ ውስጥ ያለው አባሲያ ለኢትዮጵያ ሰው ባዕድ ሰፈር አይደለም። የቅዱስ ማርቆስ ካቴድራል የሚገኘው እዚያ ነው፤ በሰኔ 1960 ዓ.ም. ሲመረቅ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ከፕሬዚዳንት ገማል አብደል ናስር ጋር በቦታው ነበሩ። ዛሬ ካይሮ ለሚኖር ሐበሻ ግን አባሲያ ሲባል አንድ ሌላ ቃል አብሮ ይመጣል፤ ኢቃማ። የመኖሪያ ፈቃድ ለማውጣትና ለማደስ የሚኬድበት የፓስፖርት፣ የኢሚግሬሽንና የዜግነት አስተዳደር እዚያው አባሲያ ነው። የግብፃውያንን መታወቂያ፣ የልደት፣ የጋብቻና የሞት ምስክር ወረቀት የሚያስተዳድረው የሲቪል ምዝገባ መሥሪያ ቤት ዋና ማዕከልም እዚሁ ሰፈር ይገኛል። የሕዝቧ ቁጥር እ.ኤ.አ. በ2020 መቶ ሚሊዮን ያለፈ አገር ስሙን የሚያስመዘግበው በዚህ መሥሪያ ቤት ሥር ነው።

መስኮቱ ፊት የቆመ ባለጉዳይ የሚያየው ጥቂት ነገር ነው፤ ወረቀቱን የሚቀበለውን ሠራተኛ፣ ስክሪኑን፣ ማኅተሙን። ጉዳዩ የሚያልቀው ግን ከስክሪኑ ጀርባ ባለው የመረጃ ቋት (ዳታቤዝ) ውስጥ ነው። በደንብ በተያዘ ቋት ሠራተኛው የሚያየው እንዲያይ የተፈቀደለትን፣ የሚያርመውም እንዲያርም የተፈቀደለትን ብቻ ነው። ይህ ጽሑፍ የሚያስተዋውቀው ያንን ፈቃድና እሱን በየቀኑ የሚጠብቀውን ሥራ ነው። ፈቃድ መስጠት የአንድ መስመር ትእዛዝ ነው። የመዝገቡ ባለቤት የሆነው ሰው መከበሩ የሚለካው ግን ፈቃዱ በጊዜው በመነሳቱ ነው።

በቁልፍ የተሳሰሩ ሰንጠረዦች

በዓለም ላይ ያሉ ባንኮች፣ ሆስፒታሎችና የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች በብዛት የሚጠቀሙበት ተዛማጅ የመረጃ ቋት መሠረቱ የኤድጋር ኮድ ሐሳብ ነው። ኮድ እንግሊዝ አገር የተወለደ፣ በካሊፎርኒያ የአይቢኤም ምርምር ጣቢያ ይሠራ የነበረ የሒሳብ ባለሙያ ነው። እ.ኤ.አ. በ1970 ባሳተመው ጽሑፍ መረጃ ሁሉ በረድፍና በዓምድ በተከፈለ ሰንጠረዥ ይቀመጥ፣ አንዱ ሰንጠረዥ ከሌላው ጋር በጋራ ቁልፍ ይገናኝ አለ። የሰው ስም ሺህ ቦታ መጻፉ ቀረ፤ አንድ ቦታ ተጽፎ በቁልፉ ይጠራል።

የግብፅ ብሔራዊ ቁጥር እንዲህ ላለው ቁልፍ ጥሩ ምሳሌ ነው። 14 አኃዞች አሉት። የመጀመሪያው ክፍለ ዘመኑን ይናገራል፤ 2 ከሆነ ሰውየው ከእ.ኤ.አ. 2000 በፊት፣ 3 ከሆነ ከዚያ ወዲህ ተወልዷል። የሚቀጥሉት 6 አኃዞች የልደት ዓመት፣ ወርና ቀን ናቸው። ከዚያ 2 አኃዞች የትውልድ ግዛቱን ያሳያሉ፤ ካይሮ 01፣ እስክንድርያ 02፣ ከግብፅ ውጭ ለተወለደ 88። 4 ተራ አኃዞች ይከተላሉ፤ የእነሱ መጨረሻ ኢተጋማሽ ከሆነ ወንድ፣ ተጋማሽ ከሆነ ሴት ነው። 14ኛው አኃዝ የቀሩት በትክክል መጻፋቸውን መፈተሻ ነው።

ልደቱ፣ ጋብቻው፣ የልጆቹ ምዝገባ፣ በመጨረሻም ሞቱ በዚህ ቁጥር ይተሳሰራሉ። ይህ ትስስር ትልቅ ምቾት ነው፤ ባለጉዳዩ ከቢሮ ቢሮ ሰነድ ተሸክሞ አይዞርም። አደጋውም ከዚያው ይመነጫል። አንድ ረድፍ ላይ በስህተት ወይም በተንኮል የተነካ ፊደል ሰውየው ጉዳይ ባለው ቢሮ ሁሉ ይከተለዋል። ስለዚህ ሰንጠረዦቹ ከተሠሩ በኋላ የሚመጣው የመጀመሪያ ጥያቄ ማን ምን ይንካ የሚለው ነው።

ማን ምን ይንካ

በሰንጠረዥ ላይ የሚፈጸሙት ዋና ድርጊቶች አራት ናቸው፤ ማየት፣ መጨመር፣ ማረምና መሰረዝ። በዳታቤዙ ቋንቋ በኤስኪውኤል ሴሌክት፣ ኢንሰርት፣ አፕዴትና ዲሊት ይባላሉ። ግራንት የሚለው ትእዛዝ ከነዚህ አንዱን ለአንድ ተጠቃሚ ይሰጣል፤ ሪቮክ የሚለው ይነሳል። የፈቃድ አስተዳደር ሁሉ በእነዚህ ሁለት ቃላት ላይ የቆመ ነው።

አንድ የሲቪል ምዝገባ ቢሮ እናስብ። መስኮት ላይ ያለው ሠራተኛ የባለጉዳዩን መዝገብ ማየትና አዲስ ልደት ማስገባት አለበት፤ መሰረዝ ግን ሥራው አይደለም። የስም ማረሚያ ውሳኔ የሚያስፈጽመው ኃላፊ ማረም አለበት፤ እሱም ቢሆን የሞት መዝገብ መሰረዝ አያስፈልገውም። የስታቲስቲክስ ባለሙያው ስንት ሕፃን እንደተወለደ ይቁጠር እንጂ የማንንም ስም ማየት የለበትም። ለእሱ ቪው የሚባል የተመረጡ ዓምዶች ብቻ የሚታዩበት ሰንጠረዥ መሰል ነገር ይዘጋጅለታል። የአንድ ቅርንጫፍ ሠራተኛ የቅርንጫፉን ረድፎች ብቻ እንዲያይ ማድረግም ይቻላል፤ ፖስትግሬስ የተባለው በነፃ የሚገኝ ታዋቂ ዳታቤዝ ይህን የረድፍ ፈቃድ ያስገባው እ.ኤ.አ. በ2016 ነው።

ከዚህ ሁሉ በስተጀርባ ያለውን መርህ የኤምአይቲዎቹ ጀሮም ሳልትዘርና ማይክል ሽሮደር እ.ኤ.አ. በ1975 በግልጽ አስቀምጠውታል፤ እያንዳንዱ ተጠቃሚና እያንዳንዱ ፕሮግራም ለሥራው የግድ ከሚያስፈልገው ፈቃድ በላይ አይሰጠው። መርሁ ሠራተኛን የመጠርጠር ጉዳይ አይደለም፤ እንዲያውም ለሠራተኛው መከላከያ ነው። ሊሰርዝ የማይችል ሰው ሰረዝክ ተብሎ አይከሰስም፤ የይለፍ ቃሉ ቢሰረቅም ሌባው የሚደርስበት ቦታ ጠባብ ይሆናል።

ልምድ ያለው አስተዳዳሪ ፈቃድን ለሰው በስሙ አይሰጥም። መጀመሪያ ሚና ይፈጥራል፤ «የመስኮት ሠራተኛ»፣ «አራሚ»፣ «ቆጣሪ»። ፈቃዱን ለሚናው ይሰጥና ሰዎቹን በሚናው ውስጥ ያስገባቸዋል። ሠራተኛ ሲዛወር ከአንዱ ሚና አውጥቶ ወደ ሌላው ማስገባት ብቻ ነው። በየሰንጠረዡ ለየግለሰቡ በተሰጠ ፈቃድ የተሞላ ዳታቤዝ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ማን ምን እንደያዘ የሚያውቅለት ሰው ያጣል።

መንሳት

መንሳት ከመስጠት ለምን እንደሚከብድ መጀመሪያ በጥልቀት ያጠኑት የአይቢኤም ተመራማሪዎቹ ፓትሪሺያ ግሪፊትስና ብራድፎርድ ዌድ ናቸው፤ ጽሑፋቸው እ.ኤ.አ. በ1976 ወጣ። ጥያቄያቸው ይህ ነበር፦ አበበ ለከበደ ፈቃድ ሰጠው፤ ለሌላ የማስተላለፍ መብትም ጨመረለት። ከበደ ለአልማዝ አስተላለፈላት። በኋላ አበበ ከከበደ ላይ ፈቃዱን ቢያነሳ፣ የአልማዝ ምን ይሆናል? መልሳቸው፣ ከበደ ፈቃዱን ፈጽሞ አግኝቶ ባያውቅ ኖሮ አልማዝ ምን ይኖራት ነበር ብለን እንፍረድ የሚል ነው። ከሌላ ሰው ካገኘችው ይቆይላታል፤ በከበደ በኩል ብቻ ከሆነ ግን አብሮ ይነሳል።

የዛሬ ዳታቤዞች ይህን በየራሳቸው መንገድ ይተረጉሙታል። ፖስትግሬስ የተላለፈ ፈቃድ ካገኘ ዝም ብሎ አያነሳም፤ ትእዛዙን ይመልሰዋል። ሰንሰለቱ በሙሉ እንዲነሳ የፈለገ አስተዳዳሪ ካስኬድ የሚለውን ቃል አስቦበት መጨመር አለበት። ሳይታወቅ የሃምሳ ሰው ሥራ እንዳይቆም ነው።

ከቴክኒኩ የሚከብደው ግን የቢሮው ልማድ ነው። ሠራተኛ ሲቀጠር አለቃው ራሱ ስልክ ደውሎ ቶሎ ይከፈትለት ይላል፤ ሲለቅ የሚደውል የለም። የጊዜያዊ ኮንትራት ባለሙያ መረጃ ሲያዛውር የተሰጠው ሰፊ ፈቃድ ሥራው ካለቀ በኋላም ተረስቶ ይቀመጣል። በጋራ የሚጠቀሙበት የይለፍ ቃል ያለበት ቢሮ ደግሞ ከዚህ ይብሳል፤ ማን ምን እንዳደረገ መለየት ስለማይቻል ኦዲቱ ፋይዳ የለውም። ስለዚህ ጥሩ አስተዳዳሪ በተወሰነ ጊዜ የተጠቃሚዎችን ዝርዝር አውጥቶ ከሰው ሀብት ክፍሉ ዝርዝር ጋር ስም በስም ያመሳክራል። አሰልቺ ሥራ ነው፤ የሰውን መዝገብ ከሌላ እጅ የሚያድነው ግን ይህ ነው።

አስተዳዳሪው ራሱስ? ሱፐርዩዘር የሚባለው የበላይ ተጠቃሚ የፈቃድ ፍተሻ አይመለከተውም፤ ሁሉንም ያያል፣ ሁሉንም መለወጥ ይችላል። መድኃኒቱ አገር ቤት በየእድሩ ይታወቃል፤ ዳኛው፣ ጸሐፊውና ገንዘብ ያዡ የተለያዩ ሰዎች ናቸው። ዳታቤዝ ላይም እንዲሁ፣ ፈቃድ የሚሰጠው ሰው ማን ምን እንዳደረገ የሚያሳየውን የድርጊት መዝገብ የሚመረምረው ሰው መሆን የለበትም፤ መዝገቡም አስተዳዳሪው ሊያጠፋው በማይችልበት ሌላ ማሽን ላይ ይቀመጥ። የበላይ ስሙም ለዕለት ሥራ አይውልም፤ ለሚያስፈልግበት ሰዓት ብቻ ይከፈታል።

የየቀኑ ሥራ

ፈቃድ የተስተካከለለት ቋት ካልተንከባከቡት ይወድቃል። በፖስትግሬስ አንድ ረድፍ ሲታረም አሮጌው ቅጂ ወዲያው አይጠፋም፤ ሌላ ሰው በዚያው ቅጽበት እያነበበው ሊሆን ይችላልና። የተከማቹትን አሮጌ ቅጂዎች ቫኪዩም የሚባል ሥራ ይጠርጋል። ካልተጠረጉ ዲስኩ ይሞላል፣ ፍለጋው ይንቀራፈፋል፣ መስኮቱ ፊት ያለው ሰልፍም ይረዝማል። የዲስክ ቦታ መከታተል፣ የደኅንነት ማሻሻያ መጫንና የድርጊት መዝገብ ማንበብም የየዕለቱ ወይም የየሳምንቱ ግዴታ ናቸው።

ከሁሉ የሚበልጠው መጠባበቂያ ቅጂ (ባክአፕ) ነው። እ.ኤ.አ. ጃኑዋሪ 31 ቀን 2017 ጊትላብ የተባለው ኩባንያ አንድ መሐንዲስ በተሳሳተ ሰርቨር ላይ የዳታቤዙን ፋይሎች ሰረዘ። ወደ ቅጂዎቹ ሲኬድ የዕለቱ ባክአፕ ለካ በፕሮግራም ስሪት አለመጣጣም ሲከሽፍ ቆይቷል፤ መክሸፉን የሚናገረው ኢሜይልም አልደረሰም ነበር። የተረፉት ከአደጋው ስድስት ሰዓት ያህል ቀደም ብሎ በእጅ ከተወሰደ ቅጂ ነው፤ በመካከል የገባው መረጃ ጠፋ። ኩባንያው ታሪኩን ሳይደብቅ ለሕዝብ አሳወቀ፤ በዚህም ሙያውን በሙሉ አስተማረ። ተመልሶ ያልተሞከረ ባክአፕ፣ ባክአፕ ነው ተብሎ መቆጠር የለበትም።

ወደ አገር ቤት

የመዝገብ አጠባበቅ ጉዳይ ኢትዮጵያንም በቅርብ ይነካል። የዲጂታል መታወቂያ አዋጅ ቁጥር 1284/2015 ከወጣ ወዲህ ፋይዳ ለባንክም ለሌላም አገልግሎት የሚጠየቅ መታወቂያ እየሆነ ነው። ሥርዓቱ የተገነባው ሕንድ ውስጥ በተጀመረውና ኮዱ ለሁሉም ክፍት በሆነው ሞሲፕ በተባለው የመታወቂያ ሶፍትዌር ላይ ነው። እዚህ ላይ ከአባሲያው ቁጥር ጋር ትልቅ ልዩነት አለ። የግብፁን ቁጥር የያዘ ሁሉ የባለቤቱን ልደት፣ የትውልድ ግዛትና ጾታ ያነባል፤ የልደት ዓምዱ በፈቃድ ቢከለከል እንኳ ቁልፉ ራሱ ይናገራል። 12 አኃዝ ያለው የፋይዳ ቁጥር ግን በዕጣ የሚወጣ ነው፤ ስለ ባለቤቱ አንዳች አይናገርም። የፈቃድ አጠባበቅ የሚጀምረው ከትእዛዙ በፊት፣ ከቁልፉ አሠራር እንደሆነ ይህ ያሳያል።

ሕጉም እየተከተለ ነው። ግብፅ የግል መረጃ ጥበቃ ሕግ ቁጥር 151ን እ.ኤ.አ. በ2020፣ ኢትዮጵያ ደግሞ አዋጅ ቁጥር 1321ን በ2016 ዓ.ም. አውጥተዋል። ሕግ ግን ሪቮክ የሚለውን ትእዛዝ ቁጭ ብሎ አይጽፍም፤ የሚጽፈው ሰው ነው። ስለዚህ አባሲያም ሆነ አዲስ አበባ መዝገቡን ለመሥሪያ ቤት የሰጠ ሰው ሦስት ነገር የመጠየቅ መብት አለው። መዝገቤን ማን ማየት ይችላል? ማን ማረም ይችላል? ሥራ የለቀቀው ሰው ፈቃድ መቼ ተነሳ? ለሦስቱም በቀንና በስም መልስ ያለው መሥሪያ ቤት አደራውን በትክክል ይዟል። መልስ የሌለው፣ ሕንፃው ምን ቢያምርና ኮምፒውተሩ ምን ቢፈጥን፣ የሰውን ስም ለመያዝ ገና አልደረሰም።