ከረጢት የሌለው የአቧራ መሳቢያ መኪና

አንባቢ ሆይ፤ የአቧራ መሳቢያ መኪና እያደር ጕልበት የሚያጣው ለምን ይመስልሃል? የከረጢቱ ቀዳዳዎች በትቢያ ስለሚደፈኑ ነው። እንግሊዛዊው ጄምስ ዳይሰን ይህን የተረዳው በ1978 እ.ኤ.አ. ነበር። በእንጨት መሰንጠቂያ ፋብሪካ ሰጋቱራ በአየር አዙሪት ሲለይ አይቶ ነበርና፥ ያንኑ አዙሪት አሳንሶ በመኪናው ውስጥ ለማስገባት ተነሣ። አየሩ በፍጥነት ሲሽከረከር አቧራው ወደ ዳር ይወረወርና ከዕቃው ሥር ይወድቃል፤ ከረጢት አያሻም።

ሥራው የተሳካለት ግን በ5,127ኛው ሙከራ ነው። እስከዚያው ዳይሰን በዕዳ ተይዞ፥ ቤተሰቡ በሚስቱ የመምህርነት ደመወዝ ይረዳ ነበር።

ዛሬም የዕቃው ወዳጆች ይከራከራሉ። አንዱ፥ «ሲደፋ አቧራው ፊት ላይ ይቦናል» ሲል፥ ሌላው፥ «የከረጢት መግዣ ገንዘብ ተረፈኝ» ይላል። ሁለቱም እውነት አላቸው። እኛ ግን ራሳችንን እንጠይቅ፤ በአምስተኛው ሙከራ ተስፋ የምንቆርጥ ስንቶቻችን ነን?