የይርጋ መጥቅዕ

ከደምበጫ ወደ ፍኖተ ሰላም በሚወስደው ጎዳና ላይ ባለችው በጅጋ፥ በቆርቆሮ ጥላ ሥር ተቀምጬ የባለጉዳይ አቤቱታ ስጽፍ ብዙ ክረምት አልፎብኛል። የልጅነት ትምህርቴ ቅኔና ባሕረ ሐሳብ ስለ ነበረ፥ ራፖር ጸሐፊ ከሆንሁም በኋላ ከዘመን ቈጠራ አልተለየሁም፤ ድንበር የተገፋበትንም ገንዘብ የተካደውንም አስቀድሜ የምጠይቀው «መቼ ነው?» ብዬ ነውና።

ባለፈው ጥቅምት፥ በርበሬ በየደጁ በተሰጣበት ወራት፥ ሃያ ስምንት ዓመት የሆናት አንዲት ሴት የቀለብ ማመልከቻ ልታጽፍ መጣች፤ ወረቀቱ አልቆ ከተነበበላትም በኋላ ከበርጩማው ሳትነሣ፥ የነጠላዋን ጥለት ስታፍተለትል ቈይታ፥ «አያ፥ የልጅነት ነገር ይጻፋል?» አለችኝ። ዘጠኝ ዓመቷ ሳለ አብሯቸው ይኖር የነበረ ዘመድ ደፍሯት ኖሯል። «ያን ጊዜ ለማን ነገርሽ፥ ልጄ?» ብላት፥ «ለማን እነግራለሁ? እንጀራችን በእጁ ነበር» አለች።

እኔም ብዕሬን አኑሬ በልቤ ቈጠርሁ። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ፥ ዐሥራ ሦስት ዓመት ባልሞላት ልጅ ላይ እንዲህ ያለ ግፍ የፈጸመውን በአንቀጽ 627 ከ13 እስከ 25 ዓመት በሚደርስ ጽኑ እስራት ይቀጣል፤ አንቀጽ 217 ደግሞ ለዚህ መጠን ወንጀል የ20 ዓመት ይርጋ ይወስናል፤ ስሌቱም የሚነሣው ድርጊቱ ከተፈጸመበት ቀን ነው። እንግዲህ ከሃያው ዓመት ዘጠኙ ያለቀባት ገና ሕፃን ሳለች፥ ሊከስላት የሚገባው ቤት ራሱ አፏን በያዘበት ጊዜ ነው፤ የቀራት አንድ ዓመት ብቻ ነበር።

ይህ ስሌት እንዴት የተገለበጠ እንደ ሆነ ተመልከቱ። በዐሥራ ሰባት ዓመቷ የተደፈረች በአንቀጽ 620 እስከ ሠላሳ ሰባት ዓመቷ ጊዜ ሲኖራት፥ በአምስት ዓመቷ የተደፈረችው በሃያ አምስት ዓመቷ ደጁ ይዘጋባታል፤ ልጂቱ ባነሰች መጠን ደጁ ፈጥኖ ይዘጋል ማለት ነው። በዐሥራ ሦስት ዓመቷ የተዳረችማ፥ የአንቀጽ 648 ቅጣት ከሦስት ዓመት ስለማያልፍ፥ ይርጋዋ ዐሥር ዓመት ሆኖ በሃያ ሦስት ዓመቷ ያከትማል።

በባሕረ ሐሳብ የበዓላትና የአጽዋማት ስሌት መነሻ የሆነው ቍጥር፥ መጥቅዕ፥ ከተሳተ፥ ቈጣሪው የቱን ያህል ሊቅ ቢሆን ነነዌም ዐቢይ ጾምም ትንሣኤም ከየቦታቸው ይፋለሳሉ። የይርጋው ስሕተትም ከመነሻው ነውና፥ ዘመኑ የሚቈጠረው ተበዳዩ 18 ዓመት ከሞላው ቀን ጀምሮ ይሁን እላለሁ። ፈረንሳይ በ2010 ዓ.ም. ለሕፃናት መደፈር ከ18ኛው ዓመት የሚነሣ የ30 ዓመት ይርጋ ደንግጋለች፤ በዚያው ዓመት የደቡብ አፍሪካ የሕገ መንግሥት ፍርድ ቤት፥ በልጅነታቸው ተደፈርን ያሉ ስምንት ሰዎች ባቀረቡት ጉዳይ፥ የዚያች አገር የ20 ዓመት የክስ ገደብ ከሕገ መንግሥቷ ጋር የሚጣረስ መሆኑን ፈርዷል።

«ዘመን ምስክርን ይገድላል፥ ንጹሑም ሰው በአሮጌ ነገር ይታወካል» የሚል ቢኖር ነገሩ ከንቱ አይደለም፤ ሆኖም የማስረዳቱ ሸክም ከዐቃቤ ሕግ ጫንቃ አይወርድም፥ የዘመኑም መርዘም ደጅ ይከፍታል እንጂ አይፈርድም። የእኛው ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 28 የዘር ማጥፋትንና ኢሰብአዊ ድብደባን የመሰሉ ግፎች በይርጋ እንዳይታገዱ ደንግጎ፥ በዘመን ርዝመት የማይሻር በደል እንዳለ መስክሯል። «ይርጋ» የሚለው ቃል ከ«ረጋ» የወጣ ነው፤ ክርክር ይስከን፥ ሰውም በያዘው ይረጋጋ ማለት ነው፤ ለመሬትና ለብድር ደግ ሥርዓት ነው። በዚህ ነገር ግን የረጋው የበዳዩ ቤት ብቻ ነው።

ሴትዮዋ ጊዜው እንዳጠረ ስነግራት፥ «ከእናቴ ጋር ልምከር» ብላ ሄደች። «ለፖሊስ» ብዬ የጀመርሁት ወረቀት እስከ ዛሬ በመሳቢያዬ አለ፤ የድርጊቱ ቀን ተጽፎበታል፥ የፊርማዋ ቦታ ግን ባዶ ነው።