የሕግ ተማሪዋ ልጃችን ሥራውን ከማን ትማር?

«ልጄ ሕግ ትማራለች» በምትል እናት ድምፅ ውስጥ ኩራትም አለ፣ ተስፋም አለ። በተለይ ውርስና ድንበር፣ ፍቺና ቀለብ፣ የቡና ሽያጭና ብድር ቤተሰብን ከፍርድ ቤት ደጃፍ በማያርቁበት በኢሉባቦር አገር፣ ዳኛ ፊት ቆሞ የሰውን ጉዳይ ማስረዳት የሚችል ልጅ ማሳደግ ትልቅ ነገር ነው። ይሁን እንጂ አምስት ዓመት በብዙ ድካም የሚገፋው ትምህርት ብቻውን ጠበቃ አያወጣም። የሥነ ሥርዓት ሕግን ጠንቅቆ ያነበበ ተማሪ፣ አንዲት ባለጉዳይ እያለቀሰች የምትነግረውን ታሪክ ወደ ክስ ማመልከቻ ለውጥ ቢባል እጁ ሊያጥር ይችላል። ይህ የሚለመደው ሥራውን ከሚያውቅ ሰው አጠገብ ተቀምጦ ነው።

ለአብነት ያህል፣ ከመቱ ወደ በደሌ በሚወስደው መንገድ ላይ በምትገኘው በሁሩሙ የምትኖር አንዲት እናት እንውሰድ። ጓሮዋ ቡና ነው፤ በገበያ ቀን ኮረሪማና ሌላም ቅመም ትሸጣለች። የበኩር ልጇ የአራተኛ ዓመት የሕግ ተማሪ ናት። ክረምቱ ሲቃረብ ልጅቱ ስልክ ትደውልና፣ «እማዬ፣ ጓደኞቼ ሁሉ አዲስ አበባ ትልልቅ ቢሮ ሊለማመዱ ነው፤ እኔም ብሄድ ይሻለኛል» ትላታለች። ጎረቤት ደግሞ፣ «እዚያ የማውቀው ሰው አለ፤ ይነግርላታል» ስትል ታክልበታለች። እናት ዋጋ ከፍ እስኪል ብላ ጎተራ ያስቀመጠችውን ሁለት ጆንያ ጀንፈል ለመሸጥ ታስባለች። ገንዘቡ ለ600 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ መሳፈሪያ፣ ለቤት ኪራይና ለቀለብ ነው። ልጅቱ ማን ዘንድ እንደምትውልና ምን እንደምትሠራ ግን ገና አልታወቀም።

ለመሆኑ ይህች እናት ጀንፈሏን መሸጥ ይገባታልን? መልስ ከመስጠታችን በፊት ስለ ልምምዱ ጥቂት እንበል።

ልምምዱ ከየት መጣ?

በአገራችን የሕግ ትምህርት በዩኒቨርሲቲ ደረጃ የተጀመረው በ1956 ዓ.ም. የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ የሕግ ፋኩልቲ ሲከፈት ነው። የወንጀለኛ መቅጫ ሕጉ በ1949፣ የፍትሐ ብሔርና የንግድ ሕጎቹ በ1952 ዓ.ም. ወጥተው ስለነበር፣ እነዚህን ሕጎች በሥራ ላይ የሚያውል የተማረ ሰው ያስፈልግ ነበር። ከብዙ ዓመታት በኋላ በ1998 ዓ.ም. የተጀመረው የሕግ ትምህርት ማሻሻያ ተማሪው ከመመረቁ በፊት ወጥቶ በሥራ ቦታ እንዲለማመድ ደነገገ። ተማሪዎች ኤክስተርንሽፕ የሚሉት ይህንኑ ነው። ከ2003 ዓ.ም. ጀምሮም የሕግ ምሩቃን የመውጫ ፈተና ሲፈተኑ ቆይተዋል፤ በ2015 ዓ.ም. ፈተናው ለሌሎች የትምህርት ዘርፎችም ደርሷል።

ከዲግሪው በኋላም መንገዱ አያልቅም። የጥብቅና ፈቃድ ለማውጣት የሥራ ልምድና የመግቢያ ፈተና አሉ። በኦሮሚያ ፍርድ ቤቶች ለመቆም የክልሉን ፈቃድ፣ በፌዴራል ፍርድ ቤቶች ለመቆም የፌዴራሉን ፈቃድ ማግኘት ያስፈልጋል። ቀድሞ ጠበቃ የሚሠራው በግሉ ነበር። የፌዴራል ጥብቅና አዋጅ ቁጥር 1249/2013 ከወጣ ወዲህ ግን ጠበቆች በሽርክና የጥብቅና ድርጅት ማቋቋም ተፈቅዶላቸዋል። ይህ ለወጣቶች መልካም ዜና ነው፤ ብዙ ጠበቆች በአንድነት በሚሠሩበት ቤት ውስጥ ለጀማሪ የሚሆን ወንበር ሊኖር ይችላልና።

በሌላው ዓለምም ቢሆን ነገሩ ተመሳሳይ ነው። በእንግሊዝ አገር የሕግ ቢሮዎች ተማሪዎችን በዕረፍት ጊዜያቸው ለጥቂት ሳምንታት ተቀብለው ያያሉ፤ ከእነርሱም መካከል መርጠው ለሁለት ዓመት የሥልጠና ውል ያስገባሉ። ተማሪዎቹ የሚያመለክቱት ብዙውን ጊዜ ሥልጠናው ከመጀመሩ ሁለት ዓመት ያህል ቀድሞ ነው። እዚያም እ.ኤ.አ. ከ2021 ጀምሮ በሥራ ላይ በዋለው አሠራር የሁለት ዓመቱ ልምድ በአንድ ትልቅ ቢሮ ብቻ እንዲገኝ አይገደድም፤ ለድሆች ነፃ የሕግ ምክር በሚሰጥበት ቦታ የተሠራ ሥራም ይቆጠራል። ከዚህ የምንማረው ሁለት ነገር ነው። አንደኛው አስቀድሞ መጠየቅ ነው። ሁለተኛው ከቢሮው ስም ይልቅ የሚሠራውን ሥራ መመልከት ነው።

የት ትጠይቅ?

የሁሩሙዋ ተማሪ ዓይኗን አዲስ አበባ ላይ ከመጣሏ በፊት አጠገቧ ያለውን ትይ። ወረዳው ፍርድ ቤት አለው፤ ዐቃቤ ሕግ አለው። መቱ የዞኑ ከተማ በመሆኗ ከፍተኛ ፍርድ ቤት፣ የዐቃቤ ሕግ ቢሮና የግል ጠበቆች ይገኙባታል። ባንኮችና ትልልቅ መሥሪያ ቤቶች ነገረ ፈጅ ይቀጥራሉ። ብዙ የሕግ ትምህርት ቤቶችም አቅም ለሌላቸው ሰዎች ነፃ የሕግ ድጋፍ የሚሰጡ ማዕከሎች ስላሏቸው፣ ተማሪዋ በመጀመሪያ የራሷን ትምህርት ቤት ትጠይቅ።

ስለ ሴቶች ጉዳይ ልዩ ፍላጎት ላላት ደግሞ የኢትዮጵያ ሴቶች የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር አለ። በ1987 ዓ.ም. የተቋቋመው ይህ ማኅበር አቅም ለሌላቸው ሴቶች ነፃ የሕግ ድጋፍ በመስጠት ይታወቃል። ከመሥራቾቹ አንዷና የመጀመሪያዋ ሥራ አስኪያጅ የሆኑት ወይዘሮ መዓዛ አሸናፊ የተወለዱት በአሶሳ ነው። በ2011 ዓ.ም. የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ፕሬዚዳንት ሆነው ሲሾሙ በዚያ ወንበር የተቀመጡ የመጀመሪያዋ ሴት ነበሩ፤ እስከ 2015 ዓ.ም. ድረስም በኃላፊነቱ ቆይተዋል። ከምዕራብ ኢትዮጵያ የገጠር ከተማ የተነሣች ሴት ልጅ እስከዚያ መድረስ እንደምትችል ይህ ምስክር ነው።

በአቅራቢያ መለማመድ ሌላም ጥቅም አለው። ተማሪዋ በዩኒቨርሲቲ የምትማረው በአብዛኛው በእንግሊዝኛ ነው። የፌዴራል ሕጎች በአማርኛና በእንግሊዝኛ ይታተማሉ። በኦሮሚያ ፍርድ ቤቶች ክሱ የሚጻፈው፣ ምስክሩ የሚሰማው፣ ውሳኔው የሚነበበው ግን በአፋን ኦሮሞ ነው። ልጅቱ ቋንቋውን ከእናቷ ጋር ስትናገረው ያደገች ብትሆንም፣ «ይግባኝ»ን ወይም «የመጀመሪያ ደረጃ መቃወሚያ»ን በጽሑፍ ምን እንደሚሉት የምታውቀው መዝገብ ስታገላብጥ ነው። ሕጉም ቢሆን ልዩነት አለው። የፌዴራሉ የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ አዋጅ ቁጥር 213/1992 ነው፤ ኦሮሚያ ደግሞ በ1995 ዓ.ም. የራሷን የቤተሰብ ሕግ አውጥታለች። ሁሩሙ ላይ ፍቺ የጠየቀች ሴት የምትዳኘው በክልሉ ሕግ ነው።

ጊዜውንም ማስላት ያስፈልጋል። የፌዴራል ፍርድ ቤቶች ከነሐሴ 1 እስከ መስከረም 30 ቀን መደበኛ ችሎታቸውን ዘግተው አስቸኳይ ጉዳዮችን ብቻ ማየት የቆየ ልማዳቸው ነው። ተማሪዋ ነሐሴ ላይ ብትመጣ የተዘጋ ችሎት ልትጠብቅ ትችላለች። ስለዚህ የምትለማመድበት ቦታ የሚዘጋበትን ቀን አስቀድማ ጠይቃ፣ ችሎት በሚሠራበት ሳምንት መምጣት አለባት።

ማመልከቻው እንዴት ይጻፍ?

«የማውቀው ሰው ይነግርላታል» የሚለው መንገድ ለብዙ ቤተሰብ ቀላል ይመስላል። ነገር ግን በሰው አፍ የተጠየቀ ቦታ በሰው አፍ ይቀራል፤ ማን ምን ቃል እንደገባም አይታወቅም። ተማሪዋ ራሷ ጽፋ፣ ራሷ ይዛ ትሂድ። ዩኒቨርሲቲው የሚሰጠውን የድጋፍ ደብዳቤና የውጤት መግለጫዋን ታያይዝ። ማመልከቻው ከአንድ ገጽ አይለፍ። ቢሮው በአፋን ኦሮሞ የሚሠራ ከሆነ በአፋን ኦሮሞ ይጻፍ። ይዘቱም እንደሚከተለው ሊሆን ይችላል፦

«ጉዳዩ፦ የተግባር ልምምድ ቦታ ስለመጠየቅ። እኔ አመልካች የአራተኛ ዓመት የሕግ ተማሪ ስሆን፣ ከሐምሌ 1 እስከ ሐምሌ 30 ቀን ድረስ በቢሮዎ ለመለማመድ እፈልጋለሁ። የቤተሰብ ሕግና የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ትምህርቶችን አጠናቅቄአለሁ። በአፋን ኦሮሞና በአማርኛ እጽፋለሁ፤ በኮምፒዩተር መጻፍም እችላለሁ። ቢሮዎን የመረጥኩት የቀለብና የውርስ ጉዳዮችን ስለሚይዝና በእነዚህ ላይ መሥራት ስለምሻ ነው። የባለጉዳዮችን ምሥጢር ለመጠበቅ ቃል እገባለሁ። ከማክበር ሰላምታ ጋር።»

በዚህ ደብዳቤ ውስጥ «ማንኛውንም ሥራ ለመሥራት ዝግጁ ነኝ» የሚል ቃል እንደሌለ ልብ ይሏል። ምን እንደምትችልና ምን መማር እንደምትፈልግ የምትናገር ተማሪ፣ ተቀባዩም ምን ሥራ እንደሚሰጣት እንዲያስብ ታደርገዋለች። ለአንድ ሳይሆን ለሦስት ለአራት ቦታ ትጻፍ። ሁለት ሳምንት ጠብቃ መልስ ካላገኘች ሄዳ በትሕትና ትጠይቅ። እምቢ ብትባልም ነውር የለውም።

ሥራ ወይስ መላላክ?

ቦታው ከተገኘ በኋላ እናት የምትጠይቀው ትልቁ ጥያቄ፣ «ዛሬ ምን ተማርሽ?» የሚል መሆን አለበት። ተማሪ ፈቃድ ስለሌላት እንደ ጠበቃ ችሎት አትቆምም። ሆኖም መዝገብ ማንበብ፣ ባለጉዳይ ሲናገር ማስታወሻ መያዝ፣ ለጉዳዩ የሚስማማውን አንቀጽ ፈልጎ ማውጣት፣ የክስ ማመልከቻ ነድፎ ማሳረም ትችላለች። በጠበቃው ቀይ እስክሪብቶ ሦስት ጊዜ ተሰርዞ የተመለሰ የቀለብ ማመልከቻ ከአንድ ወር ንባብ የበለጠ ያስተምራል። በአንጻሩ ወሩን ሙሉ ፎቶ ኮፒ ስታነሣና ሻይ ስታዝ የከረመች ልጅ በትልቅ ቢሮ ብትውልም ያተረፈችው ጥቂት ነው። ሁለት ሳምንት እንዲህ ካለፈ ኃላፊዋን፣ «ጌታዬ፣ አንድ መዝገብ አንብቤ ማጠቃለያ ልጻፍ?» ብላ መጠየቅ ድፍረት አይባልም።

በትምህርት ፕሮግራም የሚደረግ ልምምድ ብዙውን ጊዜ ክፍያ የለውም። ይህ ከመጀመሪያው ይታወቅ። ከምረቃ በኋላ «ለጊዜው ተለማመጂ፣ በኋላ እንቀጥርሻለን» ተብሎ ወራት የሚያስቆጥር ነገር ሲመጣ ግን ጥንቃቄ ያሻል። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ስለ መለማመጃ ውል በግልጽ ደንግጓል። ውሉ በጽሑፍ መሆን አለበት፤ የሥልጠናውን ዓይነትና የሚቆይበትን ጊዜ፣ በሥልጠናው ወቅት የሚከፈለውን ገንዘብና የሥራውን ሁኔታ መያዝ አለበት። የሌላውን ሰው ውል ልትጽፍ የምትማር ልጅ የራሷን በቃል ብቻ መቀበል የለባትም።

እናቶችን እንቅልፍ የሚነሳ ሌላም ጉዳይ አለ፤ እሱም ልጅቱ በሰው ቢሮ ለብቻዋ መዋሏ ነው። ይኸው አዋጅ በሥራ ቦታ የሚፈጸም ወሲባዊ ትንኮሳን የከለከለ ሲሆን፣ ድርጊቱ የተፈጸመባት ሠራተኛ ያለ ማስጠንቀቂያ ሥራውን እንድትለቅም ፈቅዷል። ስለዚህ «ብትችይ ቻዪው፣ ዕድልሽ እንዳይበላሽ» የሚለው ምክር ከእናት አፍ መውጣት የለበትም። ልጅቱ ያልተገባ ቃል ወይም ድርጊት ሲገጥማት ለዩኒቨርሲቲዋ ኃላፊና ለቤተሰቧ ወዲያው መናገር እንደምትችል፣ ተናግራም እንደማትነቀፍ ቀድማ ትወቅ።

የእናት ድርሻ

ወደ ሁሩሙዋ እናት እንመለስ። ቁጭ ብላ ከልጇ ጋር ስታሰላው፣ ሐምሌን መቱ አክስቷ ቤት ሆና ብትለማመድ የሚወጣው የታክሲና የምሳ ገንዘብ ብቻ ነው። ጀንፈሉ ዋጋ እስኪያገኝ ይቆያል። ልጅቱ ተመርቃ ለመውጫ ፈተና፣ ለፈቃድ ፈተናና ለሥራ ፍለጋ ስትወጣ የሚያስፈልገው ገንዘብ ያኔ ከዚያው ይገኛል። አዲስ አበባ የሚገኝ የጥብቅና ድርጅት ማመልከቻዋን አይቶ በጽሑፍ ከተቀበላት፣ የሚሰጣትም ሥራ ተለይቶ ከታወቀ፣ በሚቀጥለው ዓመት መሄዱ መልካም ነው። ባልታወቀ ቦታ ላይ ተስፋ አድርጎ ጎተራን ባዶ ማድረግ ግን ብልኅነት አይደለም።

በመጨረሻ ለእናቶች አንድ አደራ አለን። ሁሩሙ ሁሉም የሚተዋወቅባት ከተማ ናት። ልጅቱ ቢሮ ስትውል የምታየው ባለጉዳይ የጎረቤት ባል ወይም የገበያ ጓደኛ ሊሆን ይችላል። ማታ ቡና ተፈልቶ ሰው ሲሰበሰብ፣ «ዛሬ ማን መጣ? ምን ሆኖ ነው?» ተብላ የተጠየቀች ልጅ ዝም ስትል ኮራች አንበላት። የባለጉዳይን ምሥጢር መጠበቅ የጠበቃ የመጀመሪያ ግዴታ ነው። ይህን ግዴታ መወጣት የምትለምደው ቢሮ ውስጥ ብቻ ሳይሆን እናቷ ቤት በረከቦቱ አጠገብም ነው። ጥያቄው ሲነሣ ወሬውን ወደ ሌላ የምታዞር እናት ልጇን ግማሽ ጠበቃ አድርጋታለች።