ስለ ብርኩማ

በአማርኛ ብርኩማ፣ በኦሮምኛ ቦራቲ የሚባለው ከአንድ እንጨት ተጠርቦ የሚሠራ የራስ ማስደገፊያ ነው። ለማያውቀው ሰው በደረቅ እንጨት ላይ መተኛት ቅጣት ሊመስለው ይችላል፤ ምክንያቱ ግን ጠጉር ነው። ቅቤ የተቀባ ጎፈሬ፣ ወይም ብዙ ሰዓት የፈጀ ሹሩባ በአንድ ሌሊት እንዳይጨፈለቅ፣ ብርኩማው ከአንገት ሥር ገብቶ ራስን ከመኝታው ከፍ ያደርጋል። እንዲህ ያለው ማስደገፊያ በጥንታዊት ግብፅም ነበረ፤ በ1922 እ.ኤ.አ. በተገኘው በቱታንካሙን መቃብር ውስጥ ታይቷል። የዚምባብዌ ሾናዎች ደግሞ የራሳቸውን ከሕልምና ከሙታን አባቶች ጋር ያያይዙታል፤ ከዚህ ተነሥቶ የወሎውም እንዲሁ ነው ማለት አይገባም።

በከሚሴ ዙሪያ ላለው አገር ዋናው ችግር ሌላ ነው። ኦሮሞው፣ አፋሩና አማራው በባቲ የሰኞ ገበያ ሲገበያዩ ዕቃው ከእጅ ወደ እጅ ያልፋል። ስለዚህ የተሠራበት መንደርና የባለቤቱ ወገን ሳይጻፍ ወደ ሙዚየም የገባ ብርኩማ፣ ቅርጹ ምንም ቢያምር፣ የማን እንደ ነበረ መፍረድ አያስደፍርም።