የመጫወቻ ትራክተሮችና የይፋት የጭቃ በሬዎች

የገበሬ ልጆች መጫወቻ አብዛኛውን ጊዜ ከወላጆቻቸው የሥራ መሣሪያ የሚቀዳ በመሆኑ፣ የአንድን አገር መጫወቻ የሚመረምር ሰው የዚያን አገር የእርሻ ታሪክ ጭምር ይመረምራል። ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ በሚወስደው መንገድ፣ ጣርማ በርን አልፎ ቁልቁል ሲወረድ 225 ኪሎ ሜትር ያህል ርቀት ላይ በምትገኘው ሸዋ ሮቢትና በዙሪያዋ ባለው የይፋት ቆላ፣ ማሽላው፣ ጤፉና ማሾው የሚዘራበት መሬት በአብዛኛው በጥማድ በሬ ስለሚታረስ፣ እንደ ሌላው የአገሪቱ ገጠር ሁሉ የልጆቹም እርሻ በጭቃ በሬና ከአገዳ በተበጀ ቀንበር ይታረሳል። ሞተር የበሬን ቦታ ቀድሞ በወሰደባቸው አገሮች ደግሞ ልጆች የሚያርሱት በትንሽ የብረት ትራክተር ሲሆን፣ ይህን መጫወቻ በጎልማሳነት ፈልጎ መሰብሰብ ዛሬ የራሱ ሙዚየም፣ መጽሔትና ዓመታዊ ገበያ ያለው የትርፍ ጊዜ ሥራ ሆኗል።

የዚህ ሥራ ማዕከል በአሜሪካ አዮዋ ግዛት የምትገኘው ትንሽ ከተማ ዳየርስቪል ናት። ለብረት ማፍሰሻ የአሸዋ ቅርጽ በማዘጋጀት ሙያ ይተዳደር የነበረው ፍሬድ ኧርትል እ.ኤ.አ. በ1945 በሥራ ማቆም አድማ ምክንያት ሥራ በፈታ ጊዜ፣ ዱቡክ በተባለችው ከተማ በሚገኘው ቤቱ ምድር ቤት ውስጥ ከጦርነቱ የተረፈ የአውሮፕላን አሉሚኒየም እያቀለጠ ትናንሽ ትራክተሮችን ማፍሰስ ጀመረ፤ ድርጅቱም አድጎ እ.ኤ.አ. በ1959 ወደ ዳየርስቪል ተዛወረ። አምራቹ የጆን ዲርንና የመሰሎቹን ኩባንያዎች ትራክተር ከእውነተኛው መሣሪያ እየለካ ይሠራ ስለነበርና መጫወቻዎቹም በትራክተር ሻጮች ሱቅ ይሸጡ ስለነበር፣ አባት ለትልቁ ትራክተር ወደ ሱቅ ሲሄድ ልጁ የዚያኑ ትራክተር ታናሽ ይዞ ይመለስ ነበር። ብሔራዊው የእርሻ መጫወቻ ሙዚየም በዚያችው ከተማ እ.ኤ.አ. በ1986 ተከፍቷል።

ሰብሳቢዎች መጫወቻዎቹን የሚመድቡት በመስፈርት ነው፤ መስፈርት ማለት በካርታ ላይ እንደሚታወቀው ሁሉ የአምሳያው መጠን ከእውነተኛው ጋር ያለው ንጽጽር ሲሆን፣ 4 ሜትር ርዝመት ያለው ትራክተር በ1፡16 መስፈርት 25 ሳንቲ ሜትር፣ በ1፡32 መስፈርት 12 ሳንቲ ሜትር ተኩል፣ በ1፡64 መስፈርት ደግሞ 6 ሳንቲ ሜትር ያህል ይሆናል። አሜሪካውያን ሰብሳቢዎች 1፡16ን እና 1፡64ን፣ አውሮፓውያን ደግሞ 1፡32ን ይበልጥ ይወዳሉ፤ ለኢትዮጵያ አንባቢ ስሙ እንግዳ ያልሆነው፣ በደርግ ዘመን በናዝሬት ይገጣጠም የነበረው የሚንስኩ ቤላሩስ ትራክተርም በ1፡43 መስፈርት የተሠራ አምሳያ አለው።

ዋጋን የሚወስነው ዕድሜ ብቻ አይደለም። የመጀመሪያ ቀለሙን ያልለቀቀ፣ ጎማውና መሪው ያልተለወጠ፣ ከነካርቶኑ የተገኘ መጫወቻ እንደገና ከተቀባው እጅግ ይበልጣል፤ ይህም ተገቢ ነው፣ ምክንያቱም ቀለም የተቀባ ዕለት የአምራቹ እጅ ሥራ ይሸፈናልና። ብልሽትም ከውስጥ ሊነሣ ይችላል። የቀለጠ የዚንክ ቅይጥ በግፊት ወደ ብረት ቅርጽ ማውጫ እየገባ ከተሠሩት የቆዩ መጫወቻዎች መካከል እርሳስ የተቀላቀለባቸው፣ ማንም ሳይነካቸው ከዓመታት በኋላ እየተሰነጣጠቁ ይፈረካከሳሉ፤ ለዚህ በሽታ መድኃኒት ባለመኖሩ ሰብሳቢው ማድረግ የሚችለው ዕቃውን ከእርጥበት መጠበቅና መበላሸቱን ማዘግየት ብቻ ነው።

ይህ ሁሉ ጥንቃቄ የሚደረግለት ብረት ሆኖ ሳለ፣ የይፋቱ የጭቃ በሬ በመጀመሪያው ዝናብ ይሟሟል፤ የአገዳው ቀንበርም ደርቆ ይሰበራል ወይም ነቀዝ ይበላዋል። በሬው ቢፈርስ ልጁ ሌላ ስለሚሠራ እስከ ዛሬ ጉዳቱ ሳይታይ ቆይቷል፤ ይሁን እንጂ ከፋብሪካ የወጡ የፕላስቲክ መኪናዎች የገጠር ገበያ በገቡበትና ትራክተርም በሜዳማው መሬት ላይ መታየት በጀመረበት በዚህ ጊዜ፣ ሌላ የሚሠራ ልጅ ሁልጊዜ እንደሚኖር እርግጠኛ መሆን አይቻልም። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ፣ በቀድሞው ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት የሚገኘው የኢትዮጵያ ጥናት ተቋም ሙዚየም ትርኢቱን ከልደት እስከ ሞት ባለው የሕይወት ጉዞ ማሰናዳቱና ለልጅነትም የራሱን ስፍራ መስጠቱ፣ ለዚህ ዓይነቱ ቅርስ ተስማሚ ቤት መኖሩን ያሳያል። የዳየርስቪል ሰብሳቢ የአንድን ትራክተር የጭስ ማውጫና የጎማ ቅርጽ ለይቶ እንደሚመዘግብ ሁሉ፣ የጭቃ በሬ ሰብሳቢም የቀንዱን አወጣጥ፣ የሻኛውን ቁመት፣ ሞፈሩ ከቀንበሩ ጋር የታሰረበትን መንገድ፣ የሠሪውን ዕድሜና ቀበሌ መመዝገብ ይኖርበታል። በሸዋ ሮቢትና በአካባቢዋ የሚያስተምሩ መምህራን ተማሪዎቻቸው የሠሯቸውን በሬዎች በሸክላ ሠሪዎች እሳት አስተኩሰው፣ ፎቶግራፍ አንሥተውና መዝግበው ለትምህርት ቤታቸው ቢያስቀምጡ፣ ብዙ ወጪ የማይጠይቀውን ይህን ሥራ በአንድ የበጋ ወቅት ሊጀምሩት ይችላሉ።